ምድጃው እየነደደ፦ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ክፍተት ሲገኝበት ምን ይደረጋል?

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሁለት ክፍል ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከአይሲቲ የመጣችሁና ከኤሌክትሪክና አውቶሜሽን ጥገና የመጣችሁ። ብዙውን ጊዜ አንዳችሁ የሌላውን ቢሮ የምታንኳኩት የሆነ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ንግግሩ ለሁለታችሁም ነው፤ ለአንዱ ወገን የታወቀ ነገር ሳነሳ ሌላው ወገን ይታገሠኝ።

ኅዳር ላይ ነን እንበል። የሲሚንቶ ፋብሪካው ምድጃ እየዞረ ነው፤ ውስጡ ክሊንከሩ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሏል። አንድ ጠዋት ከፒኤልሲው፣ ማለትም ማሽኖቹን ከሚያዝዘው የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር፣ አምራች ማስታወቂያ ይመጣል። የምትጠቀሙበት መቆጣጠሪያ ክፍተት ተገኝቶበታል፤ የክብደት ነጥቡ ከ10 9.8 ነው፤ አዲስ ፈርምዌር፣ ማለትም መሣሪያውን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ወጥቷል። የአይሲቲው ባለሙያ «ዛሬ ማታ እንጫነው» ይላል። የምድጃው ኃላፊ ይስቃል። ሳቁ ንቀት አይደለም። ፈርምዌር ሲጫን ፒኤልሲው ይቆማል። የጋለ ምድጃ መዞሩን ካቆመ ደግሞ የብረት ቅርፊቱ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ዋናው ሞተር ሲቆም ቀስ አድርጎ የሚያዞረው ረዳት ሞተር የተገጠመው ለዚሁ ነው። በዝግታ ቢቀዘቅዝ እንኳ፣ ምድጃውን ከውስጥ የሚሸፍነው ጡብ ቀዝቅዞ እንደገና ሲሞቅ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ፈርምዌሩ ምድጃው ለጡብ ቅየራ የሚቆምበትን ጊዜ ይጠብቃል።

በስኳር ፋብሪካ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የእኛ ስኳር ፋብሪካዎች አገዳ መፍጨት አቁመው ዋና ጥገና የሚያደርጉት በክረምት ነው። ጥቅምት ላይ የወጣ ማስታወቂያ ሰኔን ይጠብቃል፤ ስምንት ወር ማለት ነው። የዛሬው ጉዳዬ ያ ስምንት ወር ነው። ማስተካከያውን መጫን የሁሉም መጨረሻ ነው፤ እርሱ እስኪደርስ ድረስ ፋብሪካውን የሚጠብቁት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

በመጀመሪያ ማስታወቂያውን ማንበብ። ክፍተት ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ የፕሮግራም አድራጊው ስህተት ነው፤ መሣሪያው ከሚጠብቀው በላይ ረጅም የሆነ መልእክት ሲደርሰው ማኅደረ ትውስታው ይዘበራረቃል፣ ይቆማል፣ ወይም የሌላ ሰው ኮድ ያስኬዳል። ይህ በማስተካከያ ይድናል። ሁለተኛው ግን ስህተት አይደለም፤ አሠራሩ ከመጀመሪያው እንደዚያ ነው። የፋብሪካ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበትን ሞድባስ የተባለ ቋንቋ ውሰዱ። ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያወጣው ገመዱ ከፓነል ወደ ፓነል ከመሄድ አያልፍም ነበር። ትእዛዝ 3 ሬጂስተር (ቁጥር የሚያዝበት ቦታ) ያነባል፣ 6 አንድ ሬጂስተር ይጽፋል፣ 16 ብዙ ሬጂስተሮችን በአንድ ጊዜ ይጽፋል፣ 5 አንድ ኮይል ያበራል ወይም ያጠፋል። «ማን ነህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ዛሬ ያው ቋንቋ በኔትወርክ ፖርት 502 ላይ ይሄዳል። እዚያ ፖርት ላይ የደረሰ ሰው ሰብሮ መግባት አያስፈልገውም፤ የፓምፑን ፍጥነት መጻፍ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ፎርስካውት የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች በ10 አምራቾች መሣሪያዎች ላይ ያገኟቸውን 56 ክፍተቶች በአንድ ላይ ሲያወጡ፣ ሊያሳዩ የፈለጉት ችግሩ ከኮድ ስህተት ይልቅ ንድፉ ራሱ መሆኑን ነው። ማንነት የማይጠይቅ ፕሮቶኮል፣ ፊርማው የማይጣራ ፈርምዌር፣ ኮዱ ውስጥ የተቀበረ የይለፍ ቃል። እንዲህ ባለ መሣሪያ ላይ አንዱን ስህተት አርሞ «ተዘጋ» ማለት የመስኮቱን መስታወት ቀይሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው።

ነጥቡንም ቢሆን በጭፍን አትቀበሉት። 9.8 የሚለው ስለ ሶፍትዌሩ ነው፤ ከሶፍትዌሩ ጀርባ ስላለው ብረት ምንም አያውቅም። ከረጢት በሚቆጥር ማሳያ ላይ ያለ 9.8 እና የቦይለር ማቃጠያ በሚቆጣጠር ፒኤልሲ ላይ ያለ 6.5 ቢቀርቡልኝ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2023 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ አሊኲፓ በምትባል ትንሽ ከተማ የውሃ ግፊት የሚያስተካክል ጣቢያ ውስጥ አንድ ፒኤልሲ ሥራውን አቁሞ ስክሪኑ ላይ እስራኤልን የሚያወግዝ መልእክት አወጣ። መሣሪያው ዩኒትሮኒክስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የቪዥን ተከታታይ ነበር፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ድርጊቱን ከኢራን አብዮታዊ ዘብ ጋር ግንኙነት ባለው ቡድን ላይ አድርጎታል። እንዴት ገቡ? መሣሪያው ያለ ምንም መከላከያ ኢንተርኔት ላይ ነበር፤ ፖርቱ 20256፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው የይለፍ ቃል ደግሞ 1111። አራት ጊዜ አንድ። በዚያው ሰሞን በአየርላንድ ምዕራብ አንድ የገጠር ውሃ ማኅበር በተመሳሳይ ጥቃት ተመትቶ ወደ 180 የሚጠጉ ቤቶች ለሁለት ቀን ውሃ አላገኙም።

ክፍተቱ በኋላ ሲቪኢ በተባለው የክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2023-6448 የሚል ቁጥርና 9.8 ነጥብ ተሰጠው። አምራቹም የይለፍ ቃሉን እንድትቀይሩ የሚያስገድድ የቪዚሎጂክ 9.9.00 ሶፍትዌር አወጣ። መልካም። ነገር ግን የሚያስፈልገው ሥራ ከማስተካከያው በፊትም የሚቻል ነበር፦ ከኢንተርኔት መንቀል፣ የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ የፕሮግራሙን ቅጂ ማስቀመጥ። አሊኲፓን ያዳናት ሌላ ነገር ነው። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሠራተኞቹ ሥርዓቱን ለቀው ፓምፑን በእጅ ማንቀሳቀስ ቻሉ። እስቲ እናንተ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የፋብሪካችሁን የውሃ ፓምፕ ዛሬ ማታ ያለ ስክሪን ማስነሳት የሚችል ሰው በየሺፍቱ አለ?

አሁን ወደ ሥራው። ማስታወቂያ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ መሣሪያ አለን?» የሚል ነው፤ በብዙ ፋብሪካ መልስ ለማግኘት ሳምንት ይፈጃል። የአይሲቲ ሰዎች ዝርዝር ለማውጣት የለመዳችሁት ኔትወርኩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች እየጠራ የሚፈትሽ ስካነር መልቀቅ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ800-82 መመሪያው ውስጥ የመዘገባቸው ሁለት አደጋዎች አሉ። በአንዱ፣ የ3 ሜትር የሮቦት ክንዶች ባሉበት ኔትወርክ ላይ ተራ የፒንግ ፍተሻ ሲለቀቅ፣ በተጠንቀቅ ቆሞ የነበረ አንድ ክንድ ተነሥቶ 180 ዲግሪ ዞረ። በሌላው፣ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ በሚያመርት ፋብሪካ ያው ዓይነት ፍተሻ ሥርዓቱን አደንዝዞ የ50,000 ዶላር ምርት አበላሸ። አሮጌ የኔትወርክ ካርድ ያልጠበቀው መልእክት ሲጎርፍበት ይደነዝዛል፤ የፒኤልሲው ፕሮሰሰርም ኔትወርኩን ሲመልስ ለሎጂኩ የሚተርፈው ጊዜ ያንሳል።

ስለዚህ በእግር ነው። ፓነሉን ክፈቱ፤ በእያንዳንዱ ሞጁል ጎን የተጻፈውን ሙሉ የመግዣ (ኦርደር) ቁጥር ፎቶ አንሡ። «ሲፒዩው 315 ነው» ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሲፒዩዎች የተለያየ ፈርምዌር ሊኖራቸው ይችላል፤ ማስታወቂያውም የሚለያቸው በዚያ ነው። የፈርምዌሩን ቁጥር በኢንጂነሪንግ ላፕቶፑ ኦንላይን ሆናችሁ አንብቡ። ከስዊቹ አንዱን ፖርት የሌሎቹን ትራፊክ እንዲገለብጥ አድርጋችሁ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ለአንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ አድምጡ፤ ማድመጥ ማሽን አያቆምም። ማታ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ብቻ የሚሠራ ማሽን ስላለ የአንድ ቀን ቅጂ አይበቃም።

በዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ የሚረሱ አሉ። ትንንሾቹ ሰሪያልን ወደ ኢተርኔት የሚለውጡ ሳጥኖች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የዩክሬን ሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች ሲጠቁና ወደ 225,000 ደንበኞች መብራት ሲያጡ፣ አጥቂዎቹ ብሬከሮቹን ከከፈቱ በኋላ የነዚህን ሳጥኖች ፈርምዌር አበላሹ። ኦፕሬተሮቹ ብሬከሩን ከርቀት መዝጋት ስላልቻሉ በመኪና ወደየሰብስቴሽኑ ሄደው በእጃቸው ዘጉ። መዳፍ የምታክለው ሳጥን የማንም ዝርዝር ላይ አትገኝም። ሁለተኛው የሚረሳ ከአቅራቢው ጋር የመጣው የሲም ካርድ ሞደም ነው፤ በዋስትናው ዓመት ተገጥሞ ከፓነሉ በላይ የቀረ። ሦስተኛው ቴክኒሻኑ ቤት ይዞት የሚሄደው ላፕቶፕ።

ቅሬታ ላንሣ። ሙሉ ፋብሪካ ገንብቶ በሚያስረክብ ውል ብዙ ጊዜ ተቋራጩ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል፤ የቀረው የማይከፈት የፕሮግራም ቅጂና የማይነበብ ብሎክ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ፈርምዌር መቀየር ቁማር ነው። የሚቀጥለውን ውል የሚያረቅ ሰው እዚህ ካለ፦ የፕሮግራሙ ምንጭ ከነማብራሪያው፣ የሁሉም ይለፍ ቃል፣ የሶፍትዌር ፈቃዶቹ፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ የፈርምዌር ቁጥር ዝርዝርና አንድ መለዋወጫ ሲፒዩ ሳይረከብ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

መሣሪያው እንዳላችሁ ከታወቀ ማስታወቂያውን ከሦስት ክምር ወደ አንዱ ትጥሉታላችሁ፦ አሁን የሚጫን፣ በሚቀጥለው ማቆሚያ የሚጫን፣ ምንጊዜም የማይጫን። የምጠይቀው እንዲህ ነው። ወደ መሣሪያው ከየት መድረስ ይቻላል፤ ከኢንተርኔት፣ ከቢሮ ኔትወርክ፣ ወይስ ፓነሉ ድረስ መጥቶ ገመድ በመሰካት ብቻ? አጥቂው በዚህ ክፍተት ያልነበረውን ነገር ያገኛል ወይስ በሞድባስ ቀድሞም ሊያደርገው ይችል ነበር? በገመዱ ጫፍ ያለው ምንድን ነው? የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲሳ በሚያወጣው፣ አጥቂዎች በእርግጥ የተጠቀሙባቸው ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ አለ? ከኢንተርኔት የሚደረስ ከሆነ ሌላ ጥያቄ የለም፤ ዛሬውኑ ነው፤ «ዛሬውኑ» ማለት ግን ገመዱን መንቀል እንጂ ፈርምዌር መጫን አይደለም። የሚበዛው ማስታወቂያ ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክምር ይሄዳል፤ ለዚህም ማፈር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ሦስተኛው ክምር ውስጥ እንዳይገባ፦ የመከላከያ ሪሌይ (መስመሩ ሲበላሽ ብሬከሩን የሚያስከፍተው) እና የደህንነት መቆጣጠሪያ። ሲመንስ በሲፕሮቴክ ሪሌዮቹ ላይ ለተገኘው ሲቪኢ-2015-5374 መፍትሔ ያወጣው በጁላይ 2015 ነው። ወደ ዩዲፒ ፖርት 50000 የሚላክ አንድ መልእክት ሪሌዩን ያደነዝዘዋል፤ ሰው ሄዶ እስኪያስነሳው ድረስም እንደ ደነዘዘ ይቀራል። በዲሴምበር 2016 በኪየቭ ሰብስቴሽን ላይ የተለቀቀው ኢንደስትሮየር የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ይህንኑ ክፍተት የሚጠቀም መሣሪያ ይዞ ነበር የመጣው፤ ማስተካከያው ከወጣ አንድ ዓመት ከአምስት ወር በኋላ። የደነዘዘ ሪሌይ ምንም ምልክት አያሳይም። መስመሩ ሾርት እስኪያደርግ ድረስ ደህና ይመስላል፤ ያን ጊዜ ብሬከሩን የሚከፍት የለም።

እስከ ክረምት ድረስ የሚጠብቃችሁ ምንድን ነው? ከሁሉ የረከሰው ፓነሉ ውስጥ ፒኤልሲው ላይ የተሰካው፣ የአሠራር ሁኔታውን የሚመርጠው የብረት ቁልፍ ነው።

በፌብሩዋሪ 2021 የሮክዌል ሎጂክስ መቆጣጠሪያዎች ላይ ሲቪኢ-2021-22681 ሲወጣ ነጥቡ ሙሉ 10 ነበር። መቆጣጠሪያው የሚያናግረው ሶፍትዌር እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ምስጢራዊ ቁልፍ ከሶፍትዌሩ ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ያገኘ ሰው ራሱን ኢንጂነር አስመስሎ ፕሮግራም ይቀይራል። የሚጫን ማስተካከያ አልወጣለትም። አምራቹ መጀመሪያ ያዘዘው የብረት ቁልፉን ማብሪያ ወደ «ራን» (ሥራ) እንድታዞሩ ነው። በራን ላይ ያለ ሎጂክስ ከርቀት ፕሮግራም አይቀበልም። በብዙ ፋብሪካ ግን የብረት ቁልፉ ከተከላው ቀን ጀምሮ «ሪሞት» (ከርቀት) ላይ ነው፤ ቴክኒሻኑ ታይመር ለማስተካከል ሌሊት ወደ ፓነሉ መሄድ ስለማይፈልግ። ወሰኑንም እወቁት፦ ራን ሎጂኩን እንጂ ቁጥሮቹን አይጠብቅም። ከስክሪኑ የሚጻፍ የሙቀት ወይም የፍጥነት ገደብ በራን ላይም ይጻፋል። ስለዚህ ገደቡን ራሱን በሎጂኩ ውስጥ ገድቡት፤ ኦፕሬተሩ ቢሳሳትም አጥቂ ቢጽፍም ለምሳሌ ከ85 ዲግሪ በላይ የሚመጣ ቁጥር አይወሰድ። ይህ የኔትወርክ ሥራ አይደለም፤ ሁለት መስመር ፕሮግራም ነው።

በሲመንስ ኤስ7-1500 ላይ ማብሪያው ይህን አይሠራም። እዚያ የሚከለክለው በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚሰጠው የመዳረሻ ደረጃና የይለፍ ቃሉ ነው።

የብረት ቁልፉ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳየው ትራይተን የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ነው። በኦገስት 2017 በሳዑዲ ዓረቢያ አንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ በድንገት ቆመ። አጥቂዎቹ የገቡት ትራይኮኔክስ በተባለው የደህንነት መቆጣጠሪያ ውስጥ ነበር፤ ይህም ግፊት ሲያልፍ ፋብሪካውን የሚያቆመው የመጨረሻው ጠባቂ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የቻሉት የመቆጣጠሪያው ቁልፍ «ፕሮግራም» ላይ ተትቶ ስለነበር ነው። ፋብሪካው የዳነው በአጥቂዎቹ ስህተት ነው፤ መቆጣጠሪያው በውስጡ አለመስማማት ሲያይ ወደ አስተማማኝ ሁኔታ ገብቶ ሁሉን አቆመ። ከሁለት ወር በፊትም አንድ ጊዜ ቆሞ እንደ ተራ ብልሽት ታልፎ ነበር። መንስኤው ያልታወቀ የደህንነት መቆም ሲያጋጥማችሁ «ሪሴት አድርገን ተነሣ» ብላችሁ አትለፉት።

ቀጥሎ ፋየርዎል። ሕጉ የሚጀምረው ሁሉን በመከልከል ነው። ከዚያ በየፒኤልሲው ፊት የሚፈቀደው ከተወሰኑ ስክሪኖችና ከአንድ የኢንጂነሪንግ ኮምፒውተር ብቻ ይሆናል፦ ለሲመንስ 102፣ ለሮክዌል 44818፣ ለሞድባስ 502፣ በኤሌክትሪክ ጣቢያ 20000 እና 2404። ሞድባስን ከፍቶ የሚያነብ ፋየርዎል ካላችሁ፣ መረጃ ለሚሰበስበው ሰርቨር 3 እና 4 ይፈቀዱለት፤ 5፣ 6፣ 15 እና 16 ይከልከሉ። ሪፖርት የሚፈልገው ቢሮ ወደ ፒኤልሲው አይመጣም፤ በመካከል ባለ ሰርቨር ላይ ያነባል፤ መረጃውን ወደዚያ የሚገፋው ደግሞ የፋብሪካው ወገን ነው።

ይህ በወረቀት ያምራል። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። ተከላ ላይ «ለጊዜው» ተብሎ የገባ «ሁሉም ለሁሉም ይፈቀድ» የሚል መስመር አለ፤ ያ ጊዜያዊ ሕግ ከሁሉ ረጅም ዕድሜ አለው። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው ኮምፒውተርም አለ፤ አንዱ ገመድ ወደ ቢሮ፣ አንዱ ወደ ፋብሪካ። ፋየርዎሉን የሚዞር መንገድ እርሱ ነውና ፈልጋችሁ አንዱን ገመድ ንቀሉ። የአቅራቢው ሞደም ኃይሉ ጠፍቶ ይቀመጥ፤ ሲጠሩት የሺፍት ኃላፊው ፈርሞ ያብራ፣ ሥራው ሲያልቅ ያጥፋ።

ክረምት ገባ፤ ማሽኑ ቆመ። አሁን ማስተካከያው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከፒኤልሲው አውርዱና በእጃችሁ ካለው ፋይል ጋር አነጻጽሩ። ልዩነት ካለ አንድ ሰው በሌሊት ለውጦ አልመዘገበም፤ ያ ሳይጣራ ወደ ፊት አትሂዱ። ፎርስ የተደረጉ፣ ማለትም በፕሮግራሙ በኩል በግድ በአንድ ዋጋ የተያዙ፣ ግብዓቶችን ዝርዝር ያዙ። ኃይል ሲጠፋ የሚቆዩትን ቁጥሮች፣ ማለትም የፒአይዲ ማስተካከያ፣ የሰዓት ቆጣሪ፣ የሚዛን ካሊብሬሽን፣ በወረቀትም በፋይልም ጻፉ፤ ፈርምዌር ሲቀየር እነዚህ ሊጠፉ ይችላሉና። ከሁሉ በላይ የሚያናድደው የተረሳ ነገር ይህ ነው፦ ሁሉም በትክክል ተጭኖ ሚዛኑ ግን የተሳሳተ ይመዝናል፤ የሚታወቀውም ከሳምንት በኋላ ነው።

ፈርምዌሩ ከአምራቹ ገጽ ይውረድ፤ ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያሳየው የሻ-256 ቁጥሩ ይመሳከር። በፍላሽ ከጓደኛ የመጣ አይጫን። በመለዋወጫው ሲፒዩ ላይ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሥራ። የሎጂኩን የዙር ጊዜ፣ ማለትም ፒኤልሲው ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ለመጨረስ የሚፈጅበትን፣ ከቀድሞው ጋር አወዳድሩ። ሲመንስ ላይ ዙሩ የሚቆጠርበት ገደብ ካልተለወጠ 150 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከ18 ወደ 30 ቢጨምር ማንቂያ አይጮህም፣ አጭር የሴንሰር ምልክት ግን ሊያመልጠው ይችላል።

ከመጫኑ በፊት ለፓነሉ 24 ቮልት ዩፒኤስ አድርጉ። ፈርምዌር እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ሲፒዩው ላይነሣ ይችላል፤ በእኛ አገር ይህ በዕድል የሚታለፍ አይደለም። ሲፒዩው ሲቆም ውጤቶቹ ዜሮ ይሆናሉ ወይስ የመጨረሻውን ይይዛሉ የሚለው በፕሮጀክቱ ውስጥ ይወሰናል፤ ሳታዩት ሰው ማሽኑ ላይ እንዳይኖር። ሞተሮቹ በየብሬከራቸው ይቆለፉ፤ የሠራተኛው ስም ያለበት ታግ ይንጠልጠል።

በሲመንስ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በኤስ7-1200 እና 1500 ላይ የተገኘው ሲቪኢ-2022-38465 የይለፍ ቃሎችን የሚጠብቀው ምስጢራዊ ቁልፍ ሊወጣ እንደሚችል ያሳየ ነበር። ለ1500 ስሪት 2.9.2፣ ለ1200 ስሪት 4.5.0 መፍትሔ ናቸው። ነገር ግን ፈርምዌሩን ብቻ መጫን አይበቃም። በሲመንስ የፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌር፣ በቲአይኤ ፖርታል 17 ወይም ከዚያ በላይ፣ የሃርድዌር ዝርዝሩን ወደ አዲሱ የሲፒዩ ስሪት ቀይራችሁ እንደገና ማውረድ አለባችሁ፤ ያለዚያ አዲስ ፈርምዌር ላይ አሮጌው መከላከያ ይቀጥላል። ስታወርዱት ደግሞ አሮጌው ስክሪን አዲሱን የተመሰጠረ ግንኙነት ስለማያውቅ «ግንኙነት የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ስክሪኖቹን በዚያው ዕቅድ ውስጥ አስገቡ።

የቢሮ ኮምፒውተር ማስተካከያ ከፋብሪካው ሩቅ ይመስላል፤ አይደለም። በማርች 2008 በአሜሪካ ጆርጂያ የሃች ኒውክሌር ማመንጫ ሁለተኛ ክፍል ለ48 ሰዓት ቆመ። በቢሮው ኔትወርክ ላይ ያለ አንድ ኮምፒውተር ሶፍትዌሩ ታድሶ ሲነሣ በመቆጣጠሪያው በኩል ያለውን መረጃ ዜሮ አደረገው፤ የደህንነት ሥርዓቱም የመረጃውን መጥፋት የማቀዝቀዣ ውሃ እንደ ቀነሰ ቆጥሮ አቆመው። ፋብሪካውን ከማዕከል በሚከታተሉት የስካዳ ሰርቨሮች ላይ የዊንዶውስ ራስ-ሰር ማደስ ይጥፋ፤ አቅራቢው የፈተናቸውን ማስተካከያዎች ብቻ፣ ጥንድ ሰርቨር ካላችሁ መጀመሪያ በተጠባባቂው ላይ ጫኑ።

ከጫናችሁ በኋላ ማሽኑን ከማስነሣታችሁ በፊት የአደጋ ጊዜ ማቆሚያዎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፤ እርስ በርስ የሚጠባበቁትን ሞተሮች ባዶ አስነሥታችሁ ሞክሩ፤ የጻፋችኋቸውን ቁጥሮች መልሱ፤ ፎርሶቹን አጽዱ። አዲሱን ቅጂ ከፒኤልሲው አውርዳችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ኔትወርክ ላይ ባልሆነ ዲስክ አስቀምጡ። ቁልፉ ወደ ራን ይዞር፣ ይነቀል፤ በሺፍት ኃላፊው ሳጥን ውስጥ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ። መዝገቡ አራት አምድ ይበቃዋል፦ ማን ወሰደ፣ ለየትኛው ፓነል፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ሰዓት መለሰ።